ወይራው የተቆረጠበት ቤት

ማስታወቂያ እጠላለሁ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ብዙ ነገር እጠላለሁ። በጠዋት የሚደሰት ሰው እጠላለሁ። «በአጭሩ» ብሎ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት የሚያወራ ሰብሳቢ እጠላለሁ። ማስታወቂያ ግን ከሁሉም በላይ ነው። ጥሩ ነገር ጩኸት አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ የበሰለ ወጥ ራሱ ይጣራል። ይህንኑ በደሴ ፒያሳ ካፌዎች ለሃያ ዓመት ያህል ስሰብክ ኖሬ፣ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ማስታወቂያ ሠራሁ። ደራሲው እኔ፣ አዘጋጁ እኔ፣ ዕቃ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛውም እኔ ነኝ፤ ጥፋቷን ለማንም አላካፍልም።

ማስታወቂያው የእትዬ ፋጡማ ምግብ ቤት ነው። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው ያለው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ይልቅ ብርሃን የሚያስገባ አንድ የጣሪያ ቀዳዳ። ምሳዬን እዚያ ስበላ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ላጤ ነኝ፤ ለምን ላጤ እንደሆንኩ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ በክርክር ስለረታሁት አሁን የሚጠይቀኝ የለም። ከእኔ ጋር ተከራክረው የማያውቁ ሰው እትዬ ፋጡማ ብቻ ናቸው። ስናገር ቆመው ይሰሙኛል፤ ስጨርስ «እሺ መምህር፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» ይሉኛል። በአንድ አፍታ ያን ያህል ያሸነፍኩበትና ያን ያህል የተሸነፍኩበት ሌላ ቦታ የለም።

አንድ ቀን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«መምህር፣ ያ ስልክ ላይ የሚዞረው ነገር፣ ሰዉ ቤቱን ሱቁን የሚያሳይበት…»

«ማስታወቂያ?»

«እሱን። ሳዑዲም ይታያል?»

«የትም ይታያል።»

«ባሕር ላይም?»

ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩት።

እትዬ ፋጡማ አንድ ልጅ አላቸው፤ ሰይድ ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ በበረሃ አድርጎ በባሕር ሊሻገር ሄደ። ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ነገ እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አላቸው። ያ ነገ እስካሁን አልነጋም።

«ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል» አሉኝ። «ቁጥሬንም ረስቶት ይሆናል፤ ድሮም ቁጥር አይዝም። ቤቱን በስልክ ካየ ግን አይጠፋውም። አንተ ደግሞ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይህቺ አታቅትህም።»

እንግዲህ በዓለም ላይ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሠራ ማስታወቂያ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የደበቅኩትን ልናገር። ይህ ከመሆኑ አሥራ አራት ወር ቀደም ብሎ አራት ሰዎች ሼህ እንድሪስ ቤት ተቀምጠን ነበር። ሼህ እንድሪስ የቅሬያችን ሰብሳቢ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የሚያስቀብርህ፣ ድንኳን የሚተክልልህ፣ ቤትህ መጥቶ የሚያለቅስልህ። አንዱ ጋሽ ተፈራ ነው፤ የቅሬው ዕቃ ቤት ኃላፊ። አንዱ የሰፈራችን ነጋዴ ነው። አራተኛው እኔ፣ አዋቂ ነው ተብዬ። መሃላችን ከደሴ ዙሪያ የመጣ፣ ከዚያ መንገድ የተመለሰ ልጅ ተቀምጦ ነበር። ጀልባዋ ተገለበጠች አለን። እሱ ዋኝቶ ወጣ። የሰይድን ቡናማ ጃኬት በማግስቱ አሸዋው ላይ አየው።

በእኛ ዘንድ ሞት ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ድንኳኑ ተሰናድቶ፣ አልቃሹ ተጠርቶ ነው መርዶ የሚነገረው። ሼህ እንድሪስ «መቼ እንንገራት?» ብለው ሲጠይቁ እኔ ተነሣሁ።

«ማን አየው?» አልኩ። «አስክሬን አለ? ጃኬት ሰው አይደለም። ጃኬት ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ በውሰት ይለበሳል። በጃኬት ምስክርነት ሰው ይቀበራል?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ተፈራ ሳል ጀመረው። ሼሁ «እንግዲያው እርግጡ እስኪመጣ እንቆይ፤ ከአራታችንም አፍ እንዳይወጣ» አሉ። እርግጡ ከባሕር ሥር ተነሥቶ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያሸነፍኩት እውነት ይዤ አልነበረም፤ አሳምሬ ስለተናገርኩ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከእናቱ እጅ ምሳ እየበላሁ «ዛሬም አልደወለም» ሲሉኝ «ይደውላል» እያልኩ ኖርኩ። ማስታወቂያ ሥራልኝ ሲሉኝ በምን አፌ እምቢ ልበል?

ካሜራ ያለው ሰው ፍለጋ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ሲወርዱ መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፤ ታች ሲደርሱ የሚቀረው ትዕግሥት ነው፣ እሱንም ረዳቱ ይጨርሰዋል። ጀማል የሚባል የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ አገኘሁ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጸጉሩ ከካሜራው የበለጠ እንክብካቤ ያገኘ።

«ከሠርግ ሌላ ቀርጸህ ታውቃለህ?»

«ኒካሕም ቀርጫለሁ።»

«እሱም ሠርግ ነው።»

«አብሽር ጋሼ!» አለኝ። አብሽር የወሎ ሰው ሻይ ሲደፋም ቤት ሲፈርስም የሚላት ማጽናኛ ናት። ጀማል ግን ሥራ አስይዟታል፤ ባትሪው ሲያልቅ አብሽር፣ መብራቱ ሲፈነዳ አብሽር።

ቀኑን ለመምረጥ ራሱ ሸንጎ አስፈልጎ ነበር። ረቡዕና አርብ ክርስቲያኑ ይጾማል፤ አርብ ደግሞ ሙስሊሙ ጁምዓ ይሄዳል። ቅዳሜ ጀማል ሠርግ አለበት፤ እሑድ መልስ አለበት። ሐሙስ ወጣልን።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ቀረጻ አስተናጋጇ ሐዋ ትሪ ይዛ ስትመጣ ነው። ጀማል ሌላ አያውቅምና እንደ ሙሽራ አስኬዳት።

«ቀስ በይ። ወደ ሩቅ እዪ። አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ፈገግ በይ።»

«ምን ላስታውስ?»

«ሠርግሽን።»

«አላገባሁም እኮ።»

«አብሽሪ፣ ታገቢያለሽ።»

ሐዋ እየሳቀች ከደጃፉ መቃን ጋር ተጋጨች፤ የመጀመሪያው ሰሐን ሄደ።

ቀጥሎ ጥብሱ ነበር። ጀማል ከኪሱ የቀለም ብሩሽ አውጥቶ ሥጋው እንዲያበራ ዘይት ይቀባው ጀመር። እትዬ ፋጡማ ከማድ ቤት ብቅ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ጸጉር ነው እንዴ የምትቀባው?»

«እማማ፣ ካሜራ ላይ እንዲያምር ነው።»

«ለሆድ የተሠራ ነገር ለዓይን ምን አደረገው?»

በልቤ አጨበጨብኩ። ማስታወቂያ በመቃወም ከእኔ የባሰ ሰው ቤት ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው ለካ።

ሦስት የቤቱ ደንበኛ ሽማግሌዎች ሲበሉ እንዲቀረጹ ተለምነው ነበር። ጀማል «ጀምሩ!» ሲል ጀመሩ፤ «በቃ!» ሲል ትሪው ባዶ ነበር።

«እንደገና እንቀርጻለን» አለ ጀማል።

«ምኑን?» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሌላ ትሪ መጣ። «አባቴ፣ አሁን ያኝኩ እንጂ አይዋጡ» አላቸው አንዱን።

«ልጄ፣ ቢስሚላሂ ብዬ አፌ ያስገባሁትን ለማን ብዬ ልትፋው?»

በሦስተኛው ትሪ ካሜራው ያስቀረው ቀበቶ የሚያላሉ ሦስት ሽማግሌዎችን ነበር።

የቀረው ዋናው ነገር፣ የእትዬ ፋጡማ ንግግር ነው። ጀማል ውስጡ ጨለማ ነው ብሎ ደጅ እናድርገው አለ። ደጁ ላይ ደግሞ ፀሐይ። የደሴ ፀሐይ እንደ ሩቅ ዘመድ ናት፤ ስትጠብቃት ትቀራለች፣ ስትመጣ ታቃጥልሃለች። የእትዬ ፋጡማ ፊት ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ሆነ።

«ከላይ ነጭ ሸራ ያስፈልጋል» አለ ጀማል። «የእኔው ሸራ ሰው ሠርግ ላይ ነው።»

ነጭ ሸራ የት እንዳለ አውቃለሁ። የቅሬው ድንኳን ነጭ ነው።

የቅሬ ድንኳን ለሞት ካልሆነ አይወጣም። ለሠርግ አይወጣም፣ ለስብሰባ አይወጣም። ይህን ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተቃውሜው ነበር፤ «ሸራ ሸራ ነው፤ ሟች ከሕያው ለይቶ የሚያውቅ ጨርቅ የለም» ብዬ። ሃሳቤ በአንድ ድምፅ ድጋፍ ወድቋል። አሁን ደንቡን በተግባር የማፈርስበት ቀን መጣ ብዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ገሰገስኩ፤ መንገድ ላይ ለጋሽ ተፈራ የማቀርብለትን ክርክር በሦስት ክፍል አዘጋጀሁ።

ጋሽ ተፈራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ድንኳኑን ፈልጌ ነበር» አልኩት።

«ለማን ቤት?»

«ለእትዬ ፋጡማ።»

ባርኔጣውን ከራሱ አወረደ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«አንተ ራስህ መጣህ?»

«እኔ ራሴ።»

 ተነሥቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተ። ያዘጋጀሁት ክርክር አፌ ውስጥ ቀረ። ድንኳኑን አወጣ፤ ሳልጠይቀው ሃያ አግዳሚ ወንበር ጨመረ፤ ሳልጠይቀው ሁለት ትልልቅ ድስትና የውሃ ጀሪካን ጨመረ። ጋሪ ጠርቶ አስጫነ። «ልፈርም?» ስለው እጁን አወናጨፈብኝ። ከጋሪው ጋር መጥቶ ድንኳኑን ራሱ ተከለው፤ ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ደረደራቸው። ከዚያ «ሰው ልጥራ» ብሎኝ ሄደ። ለቀረጻው ተመልካች ሊጠራልኝ ነው ብዬ አመሰገንኩት። በሕይወቴ ሳልከራከር ያገኘሁት የመጀመሪያው ነገር ስለነበር ራሴን አደነቅኩ። እኔ ብቻ ነበርኩ መርዶውን ያስቀረሁት፤ አሁን እኔው ራሴ ድንኳን ልጠይቅ ስመጣ ሰውየው ምን ሊገባው እንደሚችል፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበበው ጭንቅላቴ ለአፍታ እንኳ አላሰበም።

እትዬ ፋጡማ ከማድ ቤት ወጥተው ድንኳኑን ሲያዩ ቆሙ።

«መምህር፣ ይሄ የቅሬው አይደለም?»

«ነው። ሸራ ሸራ ነው እትዬ።»

«አውርደው በአላህ። ምልኪው ደስ አይልም።»

ስለ ምልኪ ከንቱነት አስረዳኋቸው። ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ «እሺ መምህር» አሉ፤ ስለ ወጡ መቀዝቀዝ ግን አላነሡም።

ንግግሩን የጻፍኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ «ጣዕምና ጨዋነት የተገናኙበት ቤት» የሚል ነገር አለበት፤ አሁን ሳስበው ብርድ ብርድ ይለኛል። እሳቸው ከእሱ አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩም። ሻሻቸውን አስተካክለው ካሜራውን እንደ ሰው ትክ ብለው አዩት።

«ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ የምታመጣዋን መንገድ ያዝ። ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ አሁን ፎቅ ተሠርቶበታል፣ እንዳትደናገር። ደጃፋችን ላይ የነበረው ወይራ መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጧል፤ ጉቶው ግን አለ። በሩ ሰማያዊ ነበር፤ አረንጓዴ ቀብቼዋለሁ። ቤቱ ግን ያው ነው። ግባ።»

«ይቁም!» አለ ጀማል። «እማማ፣ ወይራውን ይተዉት። ደንበኛው ወይራውን አያውቀውም።»

«የሚያውቀው ያውቀዋል።»

«በሩ ድሮ ሰማያዊ መሆኑ ለሰው ምን ይጠቅመዋል?»

«ለሰው አይጠቅመውም» አሉት።

አምስት ጊዜ ተቀረጸ። አምስቱንም ጊዜ ወይራው ተቆረጠ፣ በሩ ተቀባ። በአምስተኛው ላይ ድመቷ መውለዷን ጨመሩበት። ጀማል ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ድንኳኑን አየሁ። እትዬ ፋጡማ ወጡን ላማስል ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ይሄኔ ነው ከመንገዱ ማዶ ሰው መምጣት የጀመረው። ፊት ፊት ጎረቤታችን እማማ ሙሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች፣ ከወንዶቹ ኋላ ጋሽ ተፈራ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ተዋናይ ከየት አመጡት?» አለ ጀማል በደስታ። «እናቴ፣ ቀስ እያሉ! ወደ ካሜራው አይዩ!»

እማማ ሙሉ ወደ ካሜራው አላዩም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ደረታቸውን መቱ። «ሰይዴ! የእናቱ ብቸኛ!» ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ጀማል ካሜራውን ቀስ አድርጎ አወረደ።

ብዙ ያነበበ ሰው ነገር የሚገባው ሁሉም ከገባው በኋላ ነው። ሮጬ ላስቆማቸው አሰብኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በምን ቃል ይጀምሩታል? «ይቅርታ፣ ማስታወቂያ ነው»?

እትዬ ፋጡማ ጩኸት ሰምተው ትሪ እንደያዙ ወጡ። ሰፈሩን በሙሉ ደጃቸው ላይ ሲያለቅስ አዩት። ትሪውን ጉቶው ላይ አስቀመጡ። እንደ ደግ ጎረቤት፣ የሰው ሐዘን ሊካፈሉ፣ ሻሻቸውን አጠበቁ።

«ያረቢ! ማን ሞተ?» አሉ።

ለቅሶው ጸጥ አለ። በድንኳኑ ውስጥ ስልሳ ሰው ይሆናል። የሚያውቀው አራት ሰው ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከስልሳው ሰው አንድም እንኳ ሲገባ «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከፊት ወደ ፊት እያዩ ዞሩ። በመጨረሻ እኔ ላይ ቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ያላጣሁላቸው ሰው ነኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

ሼህ እንድሪስ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡ። እኔን አዩኝ፣ ካሜራውን አዩ፤ ነገሩ በአንድ ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል። ግን ድንኳን ከተተከለ፣ ሰው ካለቀሰ በኋላ መመለሻ የለም።

«ፋጡማ፣ ተቀመጪ።»

«ማን እንደሞተ ሳትነግሩኝ አልቀመጥም።»

«ተቀመጪ እህቴ። አብሽሪ።»

ያቺን ቃል ሲሰሙ ተቀመጡ። መርዶው እሷው ነበረች፤ ሌላ የተነገረ ነገር የለም። ቆይተው ቀና አሉና «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አሉ።

«እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ማርያምን» አሉ እማማ ሙሉ። ከኋላ አንዱ «እኔም» አለ። ሌላዋ «እኔም» አለች። ሰፈሩ በሙሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይዞት፣ ቤታቸው እየመጣ ሽሮ ሲበላ ከርሟል።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። ለካሜራ ዘይት የተቀባውን ጥብስ ለቀስተኛው በላው። ጀማል ካሜራውን ቆልፎ ሦስቱንም ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ አመላለሰ፤ አንድም ጊዜ አብሽር ሲል አልሰማሁትም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ተፈራን ከድንኳኑ ጀርባ ወስጄ እውነቱን ነገርኩት።

«ማስታወቂያ?» አለኝ።

«ማስታወቂያ።»

 «እንግዲህ ሁሉም ሰምቷል» አለና ወደ ወንበሮቹ ተመለሰ።

ሼህ እንድሪስ እንኳ አልተቆጡኝም። «ድንኳኑ ባይሳሳት እኛ እስከ ቂያማ ቀን አንነግራትም ነበር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱ ከወር በላይ ተዘግቶ ተከፈተ። ለምሳ ስሄድ እትዬ ፋጡማ መጥተው ተቀመጡ።

«ያ ልጅ የቀረጸውን አሳየኝ።»

ስልኬን ሰጠኋቸው። አምስተኛውን አዩት፤ ድመቷ ያለችበትን።

«ይውጣ» አሉ።

«እትዬ፣ አሁን እኮ…»

«ማስታወቂያ ውሸት ነው ስትል አልነበር? ወይራው ተቆርጧል። በሩ አረንጓዴ ነው። ድመቷም ወልዳለች። የቱ ላይ ነው ውሸቱ?»

ለጀማል ደወልኩለት፤ ማስታወቂያው ወጣ። ጀማል ከምስሉ ማእዘን ላይ የተጠላለፉ ሁለት የሠርግ ቀለበቶች ማጥፋት ረስቶ ነበር፤ እንዳሉ ቀሩ።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ወደደው። ከኮምቦልቻ ሾፌሮች፣ ከደሴ ዙሪያ ለገበያ የሚወጡ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች ይመጣሉ። ጉቶው አጠገብ ፎቶ ይነሣሉ። የቤቱን ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ወይራው የተቆረጠበት ቤት ይሄ ነው?» በጠየቁ ቁጥር እትዬ ፋጡማ ካሉበት ብድግ ይላሉ።

በቀደም ሰው ቀለል ሲል ፊት ለፊቴ መጥተው ተቀመጡ።

«መምህር፣ ሼህ እንድሪስ ቤት ተናገርከው የሚባለውን እስኪ ለእኔም ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«የጃኬቱን።»

እንጀራውን ቆርሼ ያዝኩት። «እትዬ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ክርክር ነው።»

«እኮ ተከራከረኝ።»

«ጃኬት…» አልኩ።  «ጃኬት ሰው አይደለም።»

«ቀጥል።»

«ይሸጣል። ይሰረቃል።»

«በውሰትም ይለበሳል ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«ሰይድ ልብሱን ለሰው ይሰጥ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው። «ድሮም ለዕቃ አይሳሳም። ቀጥል።»

የምቀጥልበትን ቃል ፈለግኩ። በሩ ተከፈተ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ረጅም ልጅ ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ ቆመ፤ ፊቱ አይታይም።

«ወይራው የተቆረጠበት…»

ጥያቄውን ሳይጨርስ ተነሥተዋል። እጃቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዓይናቸው ብርሃኑን እስኪለምድ ድረስ ልጁን አዩት፤ አዩት። ሰይድ አልነበረም። ከዚያ ወንበር ሳቡለት።

«አዎ ልጄ፣ ይሄው ነው» አሉት። «ግባ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።»